«ምንም አይደለም» ከተባለ በኋላ

ይህ በጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ በሚገኘው እድራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። በዕለቱ ያልተገኛችሁ አባላት ስለጠየቃችሁ፣ ከተቀዳው ድምፅ ላይ እንዳለ ገልብጠነዋል።

እንደምን ዋላችሁ! አሰላሙ ዓለይኩም! አካም ኦልታኒ!

የተከበሩ የእድራችን ሰብሳቢ፣ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እዚያ በሩ ላይ የቆማችሁ ልጆቼም፤ ገባ ገባ በሉ፣ ከፊት ወንበር አለ። ዛሬ በመካከላችሁ ቆሜ እንድናገር ስለፈቀዳችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ሰብሳቢው ሲጋብዙኝ «ስለ አብሮ መኖር አንድ ነገር ንገሪን» ነበር ያሉኝ። አብሮ መኖር ሰፊ ነው፤ ከየት ተጀምሮ የት ያልቃል? ስለዚህ አንዲት ጥያቄ ብቻ ይዤ መጣሁ። ሰው ቤት ገብተን፣ ሳናስበው፣ ዕቃ ብንሰብር፣ ምንጣፍ ብናቃጥል፣ ልጃችን ቴሌቪዥን ቢጥል፣ ከዚያ በኋላ ምን እናደርጋለን? ጥያቄዬ ይኸው ነው።

ለዚህ ነው ወይ ጉባኤ የተሰበሰበው ትሉ ይሆናል። ትንሽ ነገር ይመስላል። እኔ ግን በዚህ ሰፈር ለሽምግልና በተቀመጥሁበት ሁሉ፣ ሰላምታ የተዘጋጉ ጎረቤቶችን «ለመሆኑ መጀመሪያ ምን ነበር?» እያልሁ ወደኋላ ስመልሳቸው፣ ስንት ጊዜ አንድ ሲኒ ላይ ደርሻለሁ! አንዷ ምንጣፏ ላይ የከሰል ፍም የወደቀባት ናት። አንዷ ለሠርግ ያዋሰችው ትልቅ ድስት ተጣሞ የተመለሰላት ናት። በአንድ የግቢ በር እየገቡ እየወጡ ለስድስት ዓመት የማይነጋገሩ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ ነገሩ ሲፈተሽ የተገኘው የተሰበረ የመስታወት ጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛው ከተረሳ ቆይቷል። ያልተረሳው ሌላ ነው። ያልተረሳው «አንድ ቀን እንኳ መለስ ብላ አልጠየቀችኝም» የሚለው ነው።

ሦስት ነገር አነሣለሁ። አንደኛ፣ «ምንም አይደለም» ስለምትባለው ቃላችን። ሁለተኛ፣ ሕጉና ሃይማኖቶቻችን ስለዚህ ጉዳይ ስለሚሉት። ሦስተኛ፣ ታዲያ ምን እናድርግ ስለሚለው።

ከራሴ ልጀምር። 1987 ዓ.ም. ነው። በመምህርነት ተመድቤ ጅማ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። እዚህ ዘመድ አልነበረኝም። አብራኝ የምታስተምር አንዲት ጓደኛ ነበረችኝ፤ ቤታቸው ወደ ጅሬን መውጫው ላይ ነው። ዘመዴም፣ እህቴም እሷ ነበረች። ለዒድ ጠራችኝ።

ቤቱ ሙሉ ነው። ዕጣኑ ይጤሳል፤ ረከቦቱ ላይ አሥራ ሁለት ሲኒ ተደርድሯል። ነጫጭ ናቸው፤ አፋቸው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ወርቃማ መስመር ዞሮባቸዋል። እናቷ ከመሞታቸው በፊት የሰጧት እንደነበሩ ያን ቀን አላውቅም። ሕፃን ልጇን ልቀበላት ብድግ ስል፣ የነጠላዬ ጫፍ ለካ የረከቦቱ እግር ሥር ገብቶ ኖሯል። እኔ ስነሣ ረከቦቱም ተከተለኝ። ያንን ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ጀበናው አንገቱ ላይ ተቀነጠሰ። ቡናው ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። ከአሥራ ሁለቱ ሲኒ ሰባቱ ተሰበሩ።

ምን አለችኝ? እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ሁላችንም የምንለውን ነው ያለችው። «ክፉ ነገር ይዞ ይሂድ! አንቺን ብቻ አያቃጥልሽ! ምንም አይደለም፣ ዕቃ ይተካል!» ይህን እያለች በገዛ ሻሿ ቀሚሴን ትጠርግልኛለች። ስብርባሪውን ልልቀም ስል እጄን ያዘችኝ።

እኔም አመንኋት። ደመወዜ ትንሽ ነበረች፤ እውነቱን ለመናገር ቃሏ ገላገለኝ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ተገናኘን፤ እኔ አላነሣሁም፣ እሷም አላነሣችም። ሳምንት አለፈ። ወር አለፈ። «ዕቃ ይተካል» ብላኛለች፤ ማን ይተካዋል ብዬ ግን ራሴን አልጠየቅሁም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀስ በቀስ ይቀዘቅዝ ጀመር። ጠብ የለም፤ ክፉ ቃል የለም። በሻይ ሰዓት አጠገቧ ቦታ ይዛ ትጠብቀኝ የነበረች ልጅ፣ ስገባ ከሌሎች ጋር ተቀምጣ አገኛት ጀመር። «ቅዳሜ እንገናኝ» ስላት ቅዳሜ ሥራ ይኖራታል። ክረምቱ ገባ። ታመመች ሲሉኝ ልጠይቃት ሄድሁ። እህቷ ቡና አፈላች። የደረሰኝ ሲኒ የተጣበቀ ነበር። ከአፉ እስከ ታች ቡኒ የማጣበቂያ መስመር ወርዶበታል፤ ቡናው በስንጥቁ እየዘለቀ መዳፌን አራሰው። ቀና ስል ጓደኛዬ ከአልጋዋ ላይ ሆና እያየችኝ ነው። እህቷ አላወቀችም፤ ካገኘችው ሲኒ ነው የቀዳችልኝ። እኔና እሷ ግን አወቅን። ቡፌው ውስጥ ሌሎች ሦስት የተጣበቁ ሲኒዎች ነበሩ። ከሰባቱ አራቱን ጠግናለች፤ የቀሩት ሦስቱ ተፈጭተው ስለነበር አልተጠገኑም።

ወደዚህ ታሪክ እመለሳለሁ። አሁን ግን እንድትመልሱልኝ የምፈልገው ጥያቄ አለ። «ምንም አይደለም» ስትለኝ ዋሽታኛለች?

አልዋሸችኝም! በዚያች ደቂቃ ከልቧ ነው የተናገረችው። ሰው ፊት እንዳልሸማቀቅ፣ ምግቡ እንዳይቆረቁረኝ፣ ዒዱ እንዳይደፈርስብኝ ነው። ያ የቤቱ ባለቤት ድርሻ ነው፤ ድርሻዋን አሟልታ ተወጣች። የኔ ድርሻ ግን ገና አልተነካም ነበር። እኔ የሷን ቃል ተቀበልሁና የራሴን ሥራ እንደ ሠራሁ ቆጠርሁት። የባለቤት ድርሻ «ምንም አይደለም» ማለት ነው። የእንግዳው ድርሻ ቃሉን አመስግኖ መቀበል፣ ነገሩን ግን አለመተው ነው። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው! ደግሜ እለዋለሁ፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው!

እስቲ የራሳችንን እድር ተመልከቱ። ንብረት ክፍላችን ሳህኑን፣ ብርጭቆውን፣ ወንበሩን ቆጥሮ ያስረክባል፣ ቆጥሮ ይረከባል። የጎደለውን፣ የተሰበረውን የወሰደው ሰው ይተካል። በዚህ የተጣላ አባል ታውቃላችሁ? በዚህ ያፈረ ሰው አይታችኋል? እኔ አላየሁም። ሐዘን ላይ ሆኖ እንኳ «ሁለት ብርጭቆ ጎድሏል፣ ገዝቼ አመጣለሁ» ይላል፣ አለቀ። ለምን? ደንቡ አስቀድሞ ስለተጻፈ ነው። በጓደኛ ቤት ግን የተጻፈ ደንብ የለም። በደንቡ ቦታ ይሉኝታ ተቀምጧል። ባለቤት ይሉኝታ ይዞት አይጠይቅም፤ እንግዳ ይሉኝታ ይዞት አያነሣም፤ ሁለቱም በየቤታቸው ያስቡታል። ለእድሩ ዕቃ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ ለምንወደው ሰው ዕቃ ሲሆን ለምን እንላላለን?

ወደ ሁለተኛው ልለፍ።

የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ለሽምግልና መቀመጥ ስጀምር ግን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ገዝቼ አነበብሁ፤ ያላነበበ ሰው መካከል ገብቶ ባይፈርድ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬም የምንዳኝበት እሱ ነው። «ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት» የሚል ክፍል አለው። ውል የሚባለው የተፈራረምነው ነው፤ ጓደኛ ቤት ቡና ለመጠጣት ማንም አይፈራረምም፤ ስለዚህ የኛ ጉዳይ የሚወድቀው እዚህ ክፍል ውስጥ ነው። ቁጥር 2028 በአጭሩ፣ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ጉዳቱን ይካስ ይላል። ቁጥር 2029 ደግሞ ጥፋት ሆን ተብሎ የሚደረግ ብቻ አይደለም፣ ቸልተኝነትም ጥፋት ነው ይላል። እንግዲህ «ሆን ብዬ አይደለም» የሚለው መልሳችን፣ ሁላችንም አፋችን ላይ ያለው መልስ፣ በሕግ ፊት ነገሩን አይዘጋውም።

ቸልተኝነት ማለት ምን እንደሆነ በሰፈራችን በሆነ ነገር ላስረዳ። አንድ ወጣት ጓደኛው ቤት አደረ። ጓደኛው ሌሊት ተረኛ ነው፤ ቁልፉን ሰጥቶት ወጥቷል። ውሃ በዚያ ቀን ጠፍቷል፤ የውሃችንን ነገር ታውቁታላችሁ። ወጣቱ ጠዋት ፊቱን ሊታጠብ ቧንቧውን ከፈተ፣ ጠብ አላለም፤ እንደከፈተው ትቶት በሩን ቆልፎ ወደ ጉዳዩ ሄደ። ረፋድ ላይ ውሃው መጣ። ባለቤቱ ከሥራው ሲመለስ ውሃው በበሩ ሥር እየፈሰሰ ጠበቀው። ምንጣፉ፣ ፍራሹ፣ ወለል ላይ የነበረው የጤፍ ጆንያ፣ ሁሉም ውሃ ጠጥቷል።

እዚህ ማን ምን ሰበረ? ማንም ምንም አልሰበረም። ወጣቱ «እኔ ስወጣ ጠብታ እንኳ አልነበረም» ይላል፤ እውነቱን ነው። ሕጉ ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ አስተዋይ ሰው በዚያ ቦታ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር? ውሃ በሚሄድበትና በሚመጣበት ከተማ የኖረ ሰው ቧንቧ ዘግቶ ይወጣል። ያንን አላደረገም። ኃላፊነቱ እዚያች ላይ ነው ያለችው፤ በክፋቱ ላይ አይደለም፣ ክፋት የለበትም። ይህንን ብትይዙልኝ ደስ ይለኛል። ኃላፊ ነህ ማለት ክፉ ነህ ማለት አይደለም! ብዙ ሰው «ክፈል» ሲባል «ክፉ ነህ» የተባለ ስለሚመስለው ነው ለመከላከል የሚነሣው።

ተቃራኒውም አለ። አንዲት እናት የዘመዷ ቤት ሄዳ ሶፋ ላይ ስትቀመጥ እግሩ ተሰብሮ ወደቀች። እሷም ወገቧን ታመመች፣ ሶፋውም ተበላሸ። እግሩ ሲታይ ውስጡን ምስጥ በልቶት ዱቄት ሆኗል። ሶፋ ለመቀመጫ ነው፤ ተቀመጠችበት። ምን አጠፋች? ምንም! እሷ ግን ወር ሙሉ በኀፍረት ከዚያ ቤት ቀረች። ይህም ትክክል አይደለም። ያላጠፋ ሰው በማያውቀው ነገር ራሱን መቅጣት የለበትም፤ የቤቱ ባለቤትም «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ብሎ ቤቷ ድረስ ሄዶ መንገር ነበረበት።

ጥፋቱ ለሁለት የሚከፈልበት ጊዜም አለ። በቁጥር 2098 መሠረት ተጎጂው ራሱ ጥፋት ካለበት ካሳው ይቀነሳል። ልጅ ከሆነ ደግሞ ቁጥር 2124 አባትን ተጠያቂ ያደርጋል። ሁለቱም አንድ ላይ የመጡበትን ጉዳይ ዳኝተናል፤ ስም አልጠራም፣ ፈቅደውልኝ ነው የምናገረው። በልደት በዓል ላይ የሰባት ዓመት ልጅ ሲሮጥ የቴሌቪዥኑ ገመድ እግሩን ያዘው፤ ቴሌቪዥኑ ከነማስቀመጫው ወረደ። አባትየው «ልጅ ነው፣ ምን ይደረግ» አለ። የቤቱ ጌታ «ምንም አይደለም» አለ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን አባትየው ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። ሠሪ ጠርተን አሳየን፤ የስክሪኑ ዋጋ ከአዲስ ቴሌቪዥን ብዙም አያንስም ተባለ። ቦታውን ሄደን አየነው። ገመዱ መተላለፊያው ላይ ተዘርግቷል፣ ማስቀመጫው ጠባብ ነው፣ ሃያ ልጅ ተጠርቷል። ስለዚህ ግማሽ በግማሽ ይሁን አልን፤ ሁለቱም ተስማሙ። አባትየው ደመወዙ አንድ ጊዜ ለመክፈል ስለማይበቃው በአምስት ወር ጨረሰ።

ከዚህ ሁሉ ልቤን የነካው ግን ውሳኔው አይደለም። ያ አባት ደመወዝ በተቀበለ ቁጥር ልጁን ይዞ ይሄዳል። ፖስታውን የሚሰጠው ልጁ ነው፣ በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ። በአራተኛው ወር የቤቱ ጌታ «ይበቃል፣ የቀረው ይቅር» ቢለው አባትየው «ግድ የለም፣ ልጄ መጨረስ አለበት» አለው። ልጁ አልተገረፈም፣ አልተሰደበም፤ አጥፍቶ ማስተካከልን ግን በእጁ ተማረ።

በነገራችን ላይ የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይዘጋል፤ ቁጥር 2143 ነው። ይህን የማነሣው ሂዱና ተካሰሱ ለማለት አይደለም። ቅድም የነገርኳችሁ ሁለት ሴቶች ለስድስት ዓመት እንደተኳረፉ ግን አስታውሱልኝ።

ስለ ሃይማኖታችን በአጭሩ። እዚህ ሼሆችም ቀሳውስትም ተቀምጣችኋል፤ ብሳሳት አርሙኝ። ሁላችንም የምናውቀው ሐዲስ አለ። ነቢዩ ሙሐመድ በአንደኛዋ ባለቤታቸው ቤት ሳሉ ሌላዋ ባለቤታቸው በሳህን ምግብ ላከች። የቤቲቱ ባለቤት ቀንታ የአገልጋዩን እጅ መታች፤ ሳህኑ ወድቆ ተሰበረ። ነቢዩ ምን አደረጉ? ስብርባሪውን ሰበሰቡ፤ የፈሰሰውንም ምግብ ሰበሰቡ። እዚያ ላሉት ሰዎች «እናታችሁ ቀናች» ብቻ ብለው አለፉ። አገልጋዩን ግን ባዶ እጁን አላሰናበቱትም። ሰሃኗ ለተሰበረባት ሴት ከዚያው ቤት ደህና ሳህን አስይዘው ላኩ፤ የተሰበረው ሰባሪዋ ቤት ቀረ። ተመልከቱ! ሰውየዋን አላዋረዱም፤ ሳህኑንም አልተዉም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 ደግሞ ከባልንጀራው እንስሳ የተዋሰ ሰው፣ ባለቤቱ በሌለበት ቢጎዳበት ወይም ቢሞትበት ይክፈል፣ ባለቤቱ አብሮት ካለ ግን አይክፈል ይላል። አደራው ባንተ እጅ ብቻ ከሆነ ሸክሙ ይከብዳል ማለት ነው። ቁልፍ ተረክቦ ቧንቧ ከፍቶ የሄደውን ወጣት አስቡት።

ወደ ሦስተኛው ከመሄዴ በፊት ግን በልቤ የቆየ አንድ ነገር ልናገር፤ ሳልናገረው ብወርድ ይቆጨኛል። እንግዳ ሲኒ ሲሰብር «ክፉ ነገር ይዞ ይሂድ» እንላለን። ያንኑ ሲኒ የቤት ሠራተኛችን ስትሰብር ምን እንላለን? እናቶች፣ እህቶች፣ ምን እንላለን? ከገጠር መጥታ፣ ከሌሊት ጀምራ ቆማ፣ ሳሙና በያዘ እጇ በቀን መቶ ጊዜ ያንን ዕቃ የምታነሣ የምታስቀምጥ ልጅ ናት። እኛ በዓመት አንድ ጊዜ እንሰብራለን፣ በዓመት አንድ ጊዜ ስለምንነካው! እሷን ግን እንጮኽባታለን፣ ከደመወዟ እንቆርጣለን። አንዲት ልጅ የሰበረችውን ብርጭቆ በወረቀት ጠቅልላ ፍራሿ ሥር ስትደብቅ አይቻለሁ፤ መስታወት ላይ ተኝታ ነበር ማለት ነው። ይህን የሚያደርጋት የኛ ፊት ነው። እለምናችኋለሁ፣ ለእንግዳ ያለንን ቃል ለእሷም እንበላት።

እሺ፣ ታዲያ ምን እናድርግ?

የሰበርከውን ራስህ ተናገር፣ እዚያው፣ ወዲያው። የተሰነጠቀ ብርጭቆ ከሌሎቹ ኋላ አስገብቶ መሄድ፣ የተቃጠለ ምንጣፍ ላይ ትራስ ጎትቶ ማልበስ፣ ይህ አለ፤ አይተናል። ዕቃው ያለ ሰው ጥፋት ቢሰበር እንኳ መደበቁ ራሱ ጥፋት ይሆናል።

ሁለተኛ፣ «ስንት ነው ዋጋው?» ብለህ ሰው ፊት አትጠይቅ። ይህ ጥያቄ ጨዋ ይመስላል፤ ግን ባለቤቱ ምን ብሎ ሊመልስ ይችላል? «ይህን ያህል ነው» ሊልህ ነው? «ኧረ ተወው» ከማለት በቀር መውጫ የለውም፤ አንተም «ጠይቄ ነበር» ብለህ ትገላገላለህ። ይልቅስ አንዲት ስባሪ በመሐረብህ ጠቅልለህ ኪስህ ውስጥ ጨምር። ሐሙስ ገበያ ስትወጣ ለነጋዴው አሳየው፤ «የዚህን ዓይነት» በል። ቁራጯ የቀለሙንም፣ የውፍረቱንም፣ የአበባውንም ነገር ትነግረዋለች።

ሦስተኛ፣ አታዘግይ። በሳምንቱ ውስጥ አድርገው። በሳምንቱ የመጣ ሲኒ ሲኒ ነው፤ በዓመቱ የመጣ ሲኒ የዓመቱን ዝምታ ሁሉ ተሸክሞ ስለሚመጣ ይከብዳል። አቅም ከሌለህም ሂድና እንዲሁ በል፤ «በዚህ ወር አልቻልሁም፣ በሁለት ወር አደርሳለሁ»። ማንም ጓደኛ በዚህ አይቀየምም። የሚቀየመው በዝምታው ነው።

የማይተካ ነገር ቢሆንስ? የሟች አባት ፎቶ፣ የአያት ዱካ፤ ይህ የኛ ባለ ሦስት እግር፣ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው ዱካ። ከአንድ እንጨት ስለሆነ እግሩ ሲገነጠል መልሶ እንደ ድሮው አይሆንም። ገበያ አዲስ ዱካ አለ፤ አያቱ የተቀመጡበት ግን አንድ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ሲያጋጥም አዲስ ገዝቶ «ተካሁልህ» ማለት ያሳዝናል። ጥሩ አናጢ ፈልጉ፣ ይጠገን፤ ከዚያ በላይ ግን ቁጭ ብላችሁ «የማን ነበር? ከየት መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ አዳምጡ። ያጠፋችሁትን ነገር ልኩን ማወቃችሁ ለባለቤቱ ከዕቃው አይተናነስም።

ባለቤቶችም ድርሻ አለን። ሰው ሲኒ ገዝቶ በርህ ላይ ሲቆም «ምን ነካህ፣ አልቀበልም፣ ውሰድልኝ» አትበል። ተቀበል! አንድ ጊዜ «ለምን ደከምክ» በል፣ ከዚያ ተቀበል። እምቢ ስትል ለጋስ የሆንክ ይመስልሃል፤ ያ ሰው ግን ዕዳውን ይዞ ነው የሚመለሰው። በእውነት የማትፈልግ ከሆነም ከልብህ ተወውና ሌላ ቤት ሄደህ «ሲኒዬን ጨረሰችብኝ» ብለህ አታውራ። የተውከውን ነገር ደግመህ ካወራኸው አልተውከውም።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ልመለስ፤ ቃል ገብቻለሁ።

ያን ቀን የተጣበቀውን ሲኒ ጨርሼ ጠጣሁ። ቤቴ ገብቼ አለቀስሁ። በሐሙሱ ሂርማታ ገበያ ወጣሁ። የዚያን ዓይነት ሲኒ የለም። ሱቅ ለሱቅ ዞርሁ፤ ስባሪ እንኳ አልያዝሁም፣ በአፌ ነው የማስረዳው፤ «ነጭ፣ አፉ ላይ ቀጭን ወርቃማ መስመር ያለው»። በሁለተኛው ሐሙስም አላገኘሁም። በሦስተኛው አንድ አዛውንት ነጋዴ ከመደርደሪያው ጥግ አቧራ የለበሰ ካርቶን አወረዱልኝ። መስመሩ ትንሽ ይወፍራል፤ ከዚያ የቀረበ ግን አልነበረም። ስድስት ነበሩ። ሰባተኛውን አጣሁት።

በጋዜጣ ጠቅልዬ ሄድሁ። በሩን የከፈተችልኝ ራሷ ናት። «የሰበርኩትን አምጥቻለሁ፤ ስድስት ነው ያገኘሁት፣ አንዱ ቀርቶብኛል። ስድስት ወር ዘግይቻለሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኋት። ዝም ብላ አየችኝ። «አልቀበልም» አላለችም። ጋዜጣውን አንድ በአንድ ፈታች፤ እያንዳንዱን ሲኒ ወደ መስኮቱ አንሥታ መስመሩን በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ ስለ እናቷ ነገረችኝ፤ ሲኒዎቹን በየትኛው ዓመት እንደገዟቸው፣ በምን ገንዘብ፣ በዒድ ቀን ብቻ እንዴት ያወጧቸው እንደነበር። እስኪመሽ አወራን። «ሲኒው አይደለም እኮ» አለችኝ፤ «አንቺ አንድ ቀን ታነሺው ይሆናል እያልኩ መጠበቁ ነው ያደከመኝ»።

የተጣበቁትን አራቱን አልጣለችም፤ ዛሬም ቡፌዋ ውስጥ አሉ። ከኔዎቹ ስድስት ደግሞ ባለፉት ዓመታት ሁለቱ ተሰብረዋል፤ አንዱን የሰበረችው ያን ቀን ልቀበላት የተነሣሁላት ሕፃን ናት፣ አሁን የሁለት ልጆች እናት ሆናለች። በሳምንቱ ተክታዋለች።

ጓደኛዬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ይህን እንድናገር የፈቀደችልኝ ዛሬ ጠዋት ነው። አመሰግንሻለሁ፣ እህቴ። እናንተንም ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።